ቡናማዋ ገመድ

ተበላ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር አንዲት ቮልስ ቆማለች። እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ናት። አባቴ መምህር በነበረበት ዘመን፣ በ1979 ዓ.ም.፣ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ገዛት። ተበላና ሶዶ መካከል ስንት ታማሚ፣ ስንት ወላድ፣ ስንት ኩንታል በቆሎ እንዳመላለሰች የሰፈሩ ሰው ይቁጠረው። ከቆመች አሥራ ሦስት ዓመት ሆናት። ሞተሯ አልሞተም። ጎማዋም ያኔ ደህና ነበር። የገደላት አንድ ገመድ ነው፤ ቡናማ ገመድ።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ገመድ ነው። «ስለ ፖለቲካና ስለ ኑሮ ውድነት ትጽፍ የነበርከው ሰውዬ ምን ነካህ?» የምትሉኝ አትጠፉም። ታገሡኝ። ገመዱ ዞሮ ዞሮ በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ ወደተባለበት ውሳኔ ያደርሰናል።

የሆነው እንዲህ ነው። የፊት መብራቷ አልበራ አለ። የዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ደርሷል፤ መብራት የሌለው መኪና ደግሞ ቦሎ አያገኝም። አባቴ አንድ የታወቀ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ አስጠራ። ሰውየው ተራ ነካኪ አልነበረም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሙያው የኖረ ነው። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ባትሪውን ነቀለ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ገብቶ ሲፈትሽ ብዙ ቡናማ ገመዶች አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበው ታስረው አገኘ። «ይኸው፤ ዋናው የባትሪ መስመር ይህ ነው፤ ተበጥሶ ነው ያስቸገራችሁ» አለ። ከባትሪው ፖዘቲቭ አዲስ ወፍራም ገመድ ጎትቶ ከእነሱ ጋር አሰረው። ከዚያ ባትሪውን መለሰ።

አባቴ እንደሚለው ሦስት እስኪቆጠር እንኳ አልቆየም። የገመዱ ላስቲክ አረፋ አወጣ፣ ዳሽቦርዱ ጨሰ። ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ ለመንቀል ሲጣደፉ የባለሙያው እጅ ተቃጠለ። ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋው የገመድ ጥቅል እርስ በርሱ ቀልጦ ተጣበቀ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሄደ፤ ሒሳብም አልጠየቀ። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን አያነሣም፤ «ያ አላዋቂ» ነው የሚለው። እኔም እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ አብሬው እል ነበር።

ባለፈው ዓመት መኪናዋን እናስነሣ ተባብለን ሶዶ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ኤሌትሪሻን አመጣሁ። ጋሼ (ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ እንዲሁ ጋሼ ልበላቸው) የተቃጠለውን ጥቅል በቢላዋ ሰንጥቀው ዝም ብለው አዩት። ያንን አዲስ ወፍራም ገመድ ከነቋጠሮው አገኙት። አባቴ አጠገባቸው ቆሞ የተለመደውን ቃል ሲወረውር ቀና ብለው፦

«መምህር፣ ሰውየውን አይውቀሱት። አላዋቂ አይደለም፤ ላንድሮቨር ላይ ያደገ ሰው ነው» አሉት።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

በጀርመን መኪና ላይ ቡናማ ገመድ ማሳ ነው፤ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭና ከመኪናው ብረት አካል ጋር የሚገናኘው የመመለሻ መስመር። ቀይ ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣው ነው፤ ጥቁር ደግሞ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኘው። በእንግሊዝ መኪና ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቡናማው በፊውዝ እንኳ ሳያልፍ ከባትሪው የሚመጣው ዋናው መስመር ሲሆን ማሳው ጥቁር ነው። ስለዚህ ላንድሮቨር ላይ የተማረ ሰው ቮልስ ከፍቶ ቡናማ ሲያይ ዓይኑ «ባትሪ» ይለዋል፤ መኪናዋ ግን «ማሳ» ነው የምትለው። ፖዘቲቭን በቀጥታ ከማሳ ጋር ማሰር ደግሞ የባትሪውን ሁለት ጫፍ በአንድ ሽቦ እንደ ማጋጠም ነው። ኮንታክት የምንለው ይኸው ነው። በመንገዱ ላይ ፊውዝ ስለሌለ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ወይ ሽቦው ይቀልጣል ወይ ባትሪው ያልቃል።

(ማሳ የሚለው ቃል ሁልጊዜ ያስቀኛል። ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። እንግሊዞች ይህንኑ መስመር «መሬት» ይሉታል። የኛ ሰው ደግሞ ማሳ ሲሉት የሚታየው ጤፉና በቆሎው ነው። ልጅ ሳለሁ ጋራዥ ውስጥ «ማሳው ተበላሽቷል» ሲባል ሰምቼ ተምች የገባ መስሎኝ ነበር።)

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ ባለሙያ በአንድ ወረዳ ውስጥ ተቀምጦ የጀርመንንም የእንግሊዝንም የቀለም ሕግ በአንድ ጊዜ ማወቅ ያለበት እንዴት ያለ ታሪክ ቢኖረን ነው?

ከመነሻው ብንጀምር፣ በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ገደሉን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና አመጣ። ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ሌላ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ደረሰ። ልብ በሉ፤ ገና ከመጀመሪያው አንዱ የእንግሊዝ፣ አንዱ የጀርመን! ሆኖም በዚያን ዘመን መኪና ብዙ ገመድ አልነበራትም። ሞተሩ በማኑቬላ ተጠምዝዞ ይነሣል፤ የፊት መብራት በጋዝ ወይም በዘይት ይለኮሳል። የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ ያለው መኪና ካዲላክ ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። የገመድ ጣጣ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሞተሪኖ ሲመጣ ትልቅ ባትሪ መጣ፤ ባትሪ ሲመጣ የሚሞላው ዲናሞ፤ ዲናሞ ሲመጣ የኤሌክትሪክ መብራቱ፣ ክላክሱ፣ ዝናብ መጥረጊያው ተከታተለ።

ጋራዥ የሚባለውን ነገር በብዛት ያስተዋወቀን ግን ጣሊያን ነው፤ ያውም ሊገዛን መጥቶ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት አምስት ዓመታት ወራሪው በሺዎች የሚቆጠር ካሚዮን አስገባ። መኪናውን ተከትሎ መካኒኩ፣ መካኒኩን ተከትሎ ዕቃ አቀባዩ የአገሬ ልጅ መጣ። መፍቻ ያቀበለ፣ ጎማ የነፋ፣ ገመድ የያዘ ሁሉ ቃሉንም አብሮ ያዘ። ጣሊያን ሲባረር ቃሉ ቀረ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ኮፈኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖኪዮ፣ ሞተሪኖ፣ ፑንቲና፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ ሁሉም የዚያ ቅርስ ናቸው። ካንዴላ ማለት ሻማ ነው። ያቺ መንግሥት ስንከፍል የምንለጥፋት ቦሎም ጣሊያንኛ ናት። ፊያት 634ን ሰዉ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው፤ ኋላ የመጣውን ፊያት 682 ደግሞ «ኤንትሬ»። አያቶቻችን በጣሊያንኛ ቁጥር መኪና ይለዩ ነበር ማለት ነው።

ከእነዚህ ቃላት ሁሉ የምወደው ፍሬቻ ነው። ትርጉሙ ቀስት ነው። ዛሬ ብልጭ ድርግም የምትለውን አምፖል ቀስት ማለት ምን ማለት ነው? ነገሩ ቀድሞ በመኪናው ጎን፣ በሁለቱ በሮች መካከል፣ እንደ ክንድ ተዘርግታ የምትወጣ ትንሽ ጠቋሚ ነበረች፤ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ከቀኝ በኩል፣ ወደ ግራ ስትታጠፍ ከግራ ትወጣለች። ቮልስም እ.ኤ.አ. እስከ 1960 አካባቢ በአውሮፓ ይህቺው ክንድ ነበራት። ክንዷ ከጠፋች ስድሳ ዓመት አልፏል፤ ስሟ ግን ተበላ መናኸሪያ ውስጥ በየቀኑ ይጠራል። ሙዚየም የለንም ለሚሉ መልሴ አንዱ ይህ ነው፤ አፋችን ውስጥ አለ።

በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ገቡ። ከነሱ ጋር የእንግሊዝ መኪና መጣ፤ ቀጥሎም ቤድፎርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተወለደው ላንድሮቨርም ከጥቂት ዓመታት በኋላ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዓለም ባንክ ብድርና በአሜሪካኖች የቴክኒክ እገዛ ሲቋቋም የአሜሪካ መኪኖች በረከቱ። በስድሳዎቹ ዓመታት የከተማው መምህር፣ ሐኪምና ጸሐፊ አቅሙ የፈቀደለት ቮልስ ወይም ሴቼንቶ ፊያት ነበር የሚገዛው። አገሪቱ ግን አንድም ጊዜ «የመኪናችን ገመድ ቀለም ይህ ይሁን» ብላ አታውቅም። እንዴትስ ትላለች? የምትሠራው አንድም መኪና አልነበራት። የእያንዳንዱ ወዳጅ አገር ዕርዳታ የራሱን ቀለም ይዞ ይገባ ነበር።

ወደ ወላይታ እንውረድ። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የወላይታ የግብርና ልማት ፕሮጀክት፣ በምሕጻሩ ዋዱ፣ ሥራ ጀመረ። ከተበላ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ፣ አቤላ የሚባለው ሰፈራ የዚሁ ፕሮጀክት ሥራ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ የሶዶና የሁምቦ ሰዎችን ብትጠይቁ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ያወሩላችኋል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ባለበት መኪና አለ፣ መኪና ባለበት የሚበላሽ ገመድ አለ፣ ገመዱን የሚይዝ የአገሬው ልጅ ደግሞ አለ። ያ እጁ የተቃጠለው ባለሙያ ሥራ የለመደው በዚያ ዘመን፣ በልማት ሠራተኞች ላንድሮቨር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ድረስ የተሠራ ላንድሮቨር ደግሞ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ማሳውም የተገለበጠ ነው፤ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው! እንዲህ ያለ መኪና ላይ ዓይኑን የከፈተ ልጅ ቮልስ ሲገጥመው የተማረው ሁሉ ይፈተናል።

ደርግ ሲመጣ የሶሻሊስቱ ጎራ መኪና ገባ። ላዳ ግን ለመካኒኮቻችን እንግዳ አልሆነችም፤ የፊያት 124 ልጅ ናትና። የሶቪየት መንግሥት ከፊያት ጋር ተዋውሎ ፋብሪካውን ያቆመባት ከተማ እንኳ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በቶሊያቲ ስም የተጠራች ናት። ስለዚህ «የሩሲያ መኪና» እያልን የነዳነው የጣሊያን ገመድ ነበር፤ ማሳው ጥቁር። ቀጥሎ ቶዮታ አገሩን ሞላው፤ እሷ ደግሞ ማሳዋ ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት ነው። ቁጠሩት እንግዲህ፦ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ነጭ በጥቁር። አንድ ቃል፣ ማሳ፣ በሦስት ልብስ። ይህን ሁሉ በመጽሐፍ የያዘልን የለም። የያዙት ሰዎች ናቸው፤ ያውም በጭንቅላታቸው።

አሁን ስለ ጥገናው ልንገራችሁ፤ ለኔ ጣፋጩ ክፍል እሱ ነበርና።

አሜሪካ ውስጥ የስድሳዎቹን ጉልበተኛ መኪኖች፣ እነ ፎርድ ሙስታንግን፣ እነ ፖንቲያክ ጂቲኦን፣ አድሶ መንዳት ትልቅ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። እዚያም ራስ ምታቱ ገመድ ነው። ለምሳሌ በዚያን ዘመን የክራይስለር መኪኖች ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደው ኃይል ሁሉ ዳሽቦርዱ ላይ ባለው አምፔር መለኪያ በኩል ዞሮ ነበር የሚያልፈው። ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ግድግዳ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ሲያረጅ ይግላል፣ ይቀልጣል። እዚያ ያለው ባለቤት ግን ለዚያች ዓመተ ምሕረትና ለዚያ ሞዴል ተብሎ እንደ አዲስ የተሠራ ሙሉ የገመድ ጥቅል፣ ከነቀለሙና ከነመሰኪያው፣ በካርቶን ታሽጎ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ካርቶኑን ይከፍታል፣ አሮጌውን ያወጣል፣ አዲሱን ይዘረጋል።

ጋሼ ይህን በስልኬ ሳሳያቸው ሳቁ። «እኛም ካርቶን አለን» አሉና ጆንያ አወጡ። ከተገለበጡ ቶዮታዎች የተፈታ ገመድ ነው፤ አብዛኛው ቀይና ጥቁር።

ሁለት ቀለም ብቻ ይዞ የቮልስን ገመድ እንዴት መዘርጋት ይቻላል? መልሱ ቁጥር ነው። ጀርመኖች ከቀለሙ ሌላ የእያንዳንዱን መስመር ጫፍ በቁጥር ይሰይማሉ፤ ቁጥሩም በዕቃው ላይ ተቀርጿል። 30 ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣው፣ 15 በቁልፍ የሚከፈተው፣ 31 ማሳው፣ 50 ሞተሪኖውን የሚያነሣው፣ 56 የፊት መብራት፣ 58 የኋላና የጎን ትንንሾቹ መብራቶች ነው። ጋሼ በየገመዱ ጫፍ ነጭ ፕላስተር ጠቅልለው በእስክሪፕቶ ቁጥሩን ይጽፉበታል። «ሠላሳን አቀብለኝ፤ አይ፣ አሥራ አምስትን አይደለም!» እያሉ ረዳታቸውን ይቆጣሉ። ጀርመንኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ ግን ከጀርመን መሐንዲስ ጋር በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ። ማን አስተማረዎት ስላቸው፣ «አንድ አስመራ የተማረ ሰው አዋሳ ሆኖ አስተማረኝ፤ እሱን ማን እንዳስተማረው አልጠየቅሁትም» አሉ።

የኛዋ ቮልስ 6 ቮልት ናት። ፋብሪካው ወደ 12 የተሻገረው እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ነው። 6 ቮልት ምሕረት የለውም። 60 ዋት የሚስብ መብራት በ12 ቮልት 5 አምፔር ቢወስድ በ6 ቮልት 10 ይወስዳል። መገጣጠሚያው ላይ ትንሽ ዝገት አለ እንበል፤ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ። በ10 አምፔር እዚያች ዝገት ላይ 1 ቮልት ይጠፋል፤ ከስድስት አንድ ማለት ነው። በ12 ቮልቱ ግን የሚጠፋው ግማሽ ቮልት፣ ከሃያ አራት አንድ ነው። «የድሮ ቮልስ መብራቷ እንደ ሻማ ነው» የሚባለው ስም አምፖሉ ያመጣው ሳይሆን ዝገቱ ያመጣው ነው። ጋሼ ወደ 12 እንቀይራት አላሉም። እያንዳንዱን ማሳ የሚታሰርበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው አበሩት፤ ይኸው ነው መድኃኒቱ አሉ። ከማርሽ ሳጥኑ ወደ አካሉ የምትሄደዋን ጠፍጣፋ የሽቦ ጥልፍም ቀየሯት። እሷ ስትበጠስ የሞተሪኖው ኃይል መመለሻ አጥቶ በፍሪሲዮን ካቦ በኩል ይሄዳል፤ ካቦው ይግላል። ስንቱ መካኒክ ሞተሪኖ ቀይሮ ቀይሮ ተስፋ የቆረጠው በዚህች ጥልፍ ምክንያት ነው!

ከስምንቱ ፊውዞች ሦስቱ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልለው ተገኙ። ማን እንዳደረገው ስንጠይቅ አባቴ ወደ ማንጎው ዞሮ ዝም አለ። የኋላ ወንበሩንም ሲያነሡ ከባትሪው በላይ ያለው የወንበሩ ሽቦ ሞላ መሸፈኛው ጠፍቶ ነበር። ከባድ ሰው ቢቀመጥ ሽቦው የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት ያስነሣል፤ ይህ በዓለም ዙሪያ የታወቀ የቮልስ ችግር ነው። «ቀጭን ቤተሰብ ስለሆናችሁ ተርፋችኋል» አሉን።

ሥራው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ።

አሁን ወደ ነገሬ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ፣ በተለይ ሰባት ዓመት ያለፈውና ሞተሩ ትልቅ ከሆነ፣ እስከ 500 በመቶ ጣለ። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ተወሰነ። ዛሬ አገር ውስጥ ከ100,000 በላይ የኤሌክትሪክ መኪና እንዳለ መንግሥት ይናገራል። ሐሳቡን አልቃወምም። ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር ያማል። ከዚህ ከወላይታና ከዳውሮ መካከል፣ ኦሞ ላይ፣ 1,870 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጊቤ 3 ቆሞ እኛ ቤንዚን በጀሪካን መሰለፋችን ስላቅ ነው። የመንግሥት ሰዎች በዚህ ክርክር ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ።

የማልስማማው አንድ ነገር ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ውሳኔ ውስጥ ጋሼ የሉበትም።

ከቻይና የሚገቡት ቮልስዋገኖች፣ እነ አይዲ ፎር፣ ባትሪያቸው ወደ 350 ቮልት ይጠጋል። በ6 ቮልት ቮልስ ላይ ቡናማን ከቀይ ያሳሳተ ሰው እጁን አቃጥሎ ይመለሳል። በ350 ቮልት የተሳሳተ ሰው ላይመለስ ይችላል። እነዚህ መኪኖች አዲስ አበባ ብቻ አይቀሩም። ያገለገለ መኪና ወደ ታች ይወርዳል፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የሆነው። የአባቴ ቮልስ በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው ተበላ የገባችው። የዛሬው አይዲ ፎርም አንድ ቀን ዋጋው ረክሶ፣ ስክሪኑ ቻይንኛ እንደሚያነብ፣ ሶዶ አልፎ ሁምቦ ይገባል። ይበላሻል። አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ረዳት ፒንሳ ይዞ ይከፍተዋል። ያን ጊዜ ጥያቄው የቮልቴጅ ፖሊሲ ምን ይላል የሚለው አይሆንም፤ ልጁ ምን ያውቃል የሚለው ነው።

አስመጪው ለሚያስገባው ለእያንዳንዱ ሞዴል የገመዱን ንድፍ፣ ኃይሉን እንዴት ቆርጦ መሥራት እንደሚገባ ጭምር፣ በአማርኛ ተርጉሞ ለሕዝብ ክፍት እንዲያደርግ ማስገደድ ስንት ዶላር ይጠይቃል? ከአንድ ኮንቴይነር ዋጋ አይበልጥም። በየከተማው ያሉትን የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኞች ለሁለት ሳምንት ሰብስቦ፣ የማይመራ ጓንት ሰጥቶ ማሠልጠንስ? መቶ ዓመት ሙሉ ንድፍ ሳንሰጣቸው አገሩን ያስኬዱትን ሰዎች «ጊዜያችሁ አለፈ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን የኤሌክትሪክ መኪና መብራቱ፣ በሩ፣ ክላክሱ እኮ አሁንም በ12 ቮልት ነው የሚሠራው፤ የሰዎቹ ዕውቀት ግማሹ እንዳለ ያገለግላል። የጎደላቸውን ግማሽ ብቻ ነው ያልሰጠናቸው።

አንድ መልካም ነገር አለ። የትኛውም አገር ይሥራው፣ በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ያ አደገኛ የሆነው ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበት ገመድ ብርቱካናማ ነው። ጀርመኑም ቻይናውም ጃፓኑም። እንግሊዝና ጀርመን በቡናማ ያልተስማሙትን ዓለም በብርቱካናማ ተስማምቷል። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ማቆሚያውን አስቀምጠው ረዳታቸውን ጠሩት።

«ሰማህ? ብርቱካናማ ካየህ እጅህን ወደ ኪስህ። መጀመሪያ ትጠይቃለህ።»

«ማንን ነው የምጠይቀው ጋሼ?» አለ ልጁ።

ጋሼ መልስ አልሰጡትም፤ ወደኔ ዞረው አዩኝ። እኔም የምለው አልነበረኝም።

በመጨረሻው ቀን ሽማግሌው ባትሪውን ከማሰራቸው በፊት አባቴን ጠርተው አዲሱን ጥቅል ከፊት እስከ ኋላ አስጎበኙት፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያነበቡ። አባቴ እንደ ፈተና ኮሚቴ ሰብሳቢ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሰማ። ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርሱ አስቆማቸውና ጎንበስ ብሎ ነጩን ፕላስተር በጣቱ ነካ። «ቡናማዋ ይህች ነበረች?» አለ። ናት አሉት። ገመዷ አሁን ጥቁር ናት፤ ከቶዮታ የተፈታች።

ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ፤ ቁልፉን አዞረ፣ ፍሬቻውን ወደ ቀኝ መታው። ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ። ጎረቤት ልጆች እየሮጡ መጡ። አባቴ ሞተሩን ሳያስነሣ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲሁ ተቀምጦ አዳመጠ። ማታ እራት ላይ የዚያን ባለሙያ ስም ጠርቶ፣ አሁንም ሶዶ መኖሩን ጠየቀኝ። አለ አልኩት። ሰላም እንድልለት ነገረኝ።